ዑርዋ እና ሱረቱል ከህፍ 62



ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን እንቀራለን። 62ኛዋ አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ግን ትንሽ ቆም በሉ። አንድ ታላቅ ዓሊም በሕይወታቸው ከባዱን ጉዞ ጨርሰው ሲመለሱ የቀሯት እሷን ነበር።

ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር (ረሒመሁላህ) የሶሓባው የዙበይር ኢብኑል ዐዋምና የአስማእ ቢንት አቢ በክር ልጅ ናቸው። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) አክስታቸው ነበሩ፤ ብዙ ሐዲስ የተማሩትም ከሳቸው ነው። ከሰባቱ የመዲና ፉቀሃዎች አንዱ ሆኑ። በየቀኑ የቁርኣንን ሩብ ከሙስሐፍ እያዩ ይቀሩ፣ ሌሊት ደግሞ በሶላት ይቆሙበት እንደነበር ተዘግቧል።

አንድ ጊዜ ወደ ኸሊፋው አልወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ለመሄድ ከመዲና ወደ ሻም ተነሱ። መንገድ ላይ እግራቸው ቆሰለ። ቁስሉ ሥጋውን እየበላ ወደ ላይ ወጣ። ሐኪሞች እግሩ ካልተቆረጠ መላ ሰውነታቸውን እንደሚያጠፋ ነገሯቸው። አእምሮ የሚያደነዝዝ መጠጥ ሲቀርብላቸው እምቢ አሉ። በመጋዝ ሲቆረጡ ምላሳቸው ከዚክር አልተለየም፤ ደሙ እንዲቆም በፈላ ዘይት ሲተኮሱ ግን ራሳቸውን ሳቱ። በዚያው ጉዞ ልጃቸው ሙሐመድ በረት ገብቶ እንስሳ ረግጦት ሞተ። የለይል ሶላታቸው የተቋረጠው እግራቸው በተቆረጠባት ሌሊት ብቻ ነበር ይባላል።

አንድ እግርና አንድ ልጅ አጥተው ሲመለሱ ነው ያችን አንቀጽ የቀሩት። ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) ኸድርን ፍለጋ ሲጓዙ፣ አብሯቸው ያለውን ወጣት ምሳ እንዲያቀርብ ጠይቀው፣ ጉዞው እንዳደከማቸው የነገሩበት አንቀጽ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ምርጫ ነው። ስለ ሶብር ስንት አንቀጽ እያለ፣ ዑርዋ የመረጡት አንድ ነቢይ መድከማቸውን የተናገሩበትን ነው። ደከመኝ ማለት ሶብር ማጣት አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለውንም አስተውሉ። በሐዲስ እንደመጣው፣ ሙሳ ድካም የተሰማቸው የታዘዙበትን ቦታ ካለፉ በኋላ ነው። ድካሙ ምሳ አስጠየቀ፤ ምሳው የጠፋውን ዓሣ አስታወሰ፤ ዓሣው ወደ ኸድር መለሳቸው። ወደ ሒክማው ያደረሳቸው መንገድ በድካሙ በኩል አለፈ።

ከዚያ በኋላ የተጎዳ መርከብና የሞተ ልጅ ይመጣል። ሙሳ ምክንያቱ በመጨረሻ ተነገራቸው። ለዑርዋ ግን እግራቸው ለምን እንደተቆረጠ፣ ልጃቸው ለምን እንደሞተ ያስረዳቸው ኸድር አልነበረም። እሳቸው ግን የቀረላቸውን ቆጠሩ፦ ከሰባት ልጆች ስድስት፣ ከአራት እጅና እግር ሦስት። ቆጥረውም አላህን አመሰገኑ። በ94 ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ እንደተዘገበው ጾመኛ ሆነው፣ ወደ አኺራ ሄዱ።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ አንዳንዱ ሙሲባ ምክንያቱ በዱንያ ላይ አይነገረንም። ሥራ ጠፍቶ ይሆናል፣ እናት ታማ ይሆናል፣ ዱዓችን የዘገየ መስሎን ይሆናል። ዛሬ ከህፍን ስትቀሩ ድካማችሁን ለአላህ ንገሩት፤ ከዚያ እንደ ዑርዋ የቀረላችሁን ቁጠሩ።

አላህ ሒክማውን ባናውቅም በውሳኔው ከሚወዱት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።