መዝገቡ ዘግይቶ የታረመለት ወታደር፤ የሄንሪ ጆንሰን ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የመጻፍ ዕጣ ለየክፍሉ በደረሰ ጊዜ፣ ነገሥታቱንና ሊቃውንቱን ሌሎች ጓደኞቻችን ቀድመው ስለ ወሰዱብን ለእኛ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የቀረልን አንድ የባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ነው። አንባቢ እንዳይስቅብን እንለምናለን። ይህ ሻንጣ ተሸካሚ በአንድ ሌሊት የሠራውን ሥራ የፈረንሳይ ጦር ወዲያው ሲሸልመው፣ የገዛ አገሩ አሜሪካ ግን ትልቁን ሜዳይዋን ያወጣችለት ከሞተ ከ86 ዓመት በኋላ ነው። ለምን ይህን ያህል ዘገየ የሚለው ጥያቄ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ አነሣሣን።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እናሳስባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ወጣት ሆኖ ስለ ዘመተ «እርሱ» እያልን እንጽፋለን እንጂ ክብር ነፍገነው አይደለም።

ሄንሪ ጆንሰን በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ሀገር በዊንስተን ሴለም ከተማ ተወለደ ይባላል። የተወለደበትን ቀን እርሱ ራሱ በልዩ ልዩ ወረቀት ላይ ልዩ ልዩ አድርጎ ስለ ሞላው እርግጡን መናገር ያስቸግራል፤ በዚያ ዘመን የጥቁር ድኃ ልጅ የልደት መዝገብ ማን በጥንቃቄ ይይዝለት ነበር? ገና በልጅነቱ ወደ ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ወጥቶ በኦልባኒ ከተማ ተቀመጠ። እዚያም መኪና ነዳ፤ ለስላሳ መጠጥ እየቀላቀለ ሸጠ፤ በከሰል መጋዘን ጉልበቱን ሸጠ፤ በመጨረሻም በከተማው ባቡር ጣቢያ ቀይ ቆብ አድርጎ የመንገደኛ ሻንጣ ይሸከም ጀመር። ቁመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ ሦስት፣ ክብደቱም 59 ኪሎ ገደማ ነበር። ከእኛ ክፍል ብናቆመው በሰልፍ ከፊት ከሚቆሙት አንዱ ይሆን ነበር።

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት ዓመት፣ በጁን 5 ቀን 1917፣ ጥቁሮች ብቻ በሚመለመሉበት በ15ኛው የኒው ዮርክ ብሔራዊ ዘብ ክፍለ ጦር ውስጥ በወዶ ዘማችነት ተመዘገበ። ይህ ክፍለ ጦር በኋላ 369ኛው እግረኛ ተብሎ፣ የሀርለም ሲኦል ተዋጊዎች በሚለው ቅጽል ስሙ በዓለም ታወቀ። ወደ ፈረንሳይ በተሻገረ ጊዜ ግን ለጦርነት የመጡት ሰዎች መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ መርከብ ማራገፍና ሐዲድ መዘርጋት ነበር፤ ነጮቹ የአሜሪካ ወታደሮች ከጥቁሮች ጋር በአንድ ምሽግ ለመዋጋት አይፈልጉም ነበርና። ፈረንሳዮች ግን በአራት ዓመት ጦርነት ሰው አልቆባቸው ነበር። የአሜሪካ የጦር አዛዥ ጄኔራል ፐርሺንግም ክፍለ ጦሩን ለፈረንሳይ ጦር አሳልፈው ሰጡ። ወታደሮቹ የአሜሪካ የደንብ ልብስ እንደ ለበሱ የፈረንሳይ የብረት ቆብ ደፉ፤ የፈረንሳይ ጠመንጃም ታጠቁ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ስለ ወረቀት ስንናገር እንመለስበታለን።

በሜይ 14 ቀን 1918 ለ15 አጥቢያ፣ በሻምፓኝ አውራጃ በአርጎን ደን ዳር፣ ሄንሪ ጆንሰንና ኒድሃም ሮበርትስ የተባለ ጓደኛው በግንባር ዘብ ላይ ቆመው ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በጨለማው ውስጥ የሽቦ መቁረጫ ድምፅ ሰሙ። ጀርመኖች የሾህ ሽቦውን እየቆረጡ ቀርበዋል፤ ቁጥራቸው ቢያንስ 12 እንደ ነበረ በኋላ ተመዘገበ፤ ከዚያ ያበዙትም አሉ። የእጅ ቦምብ ወረደባቸው። ሮበርትስ ክፉኛ ስለ ቆሰለ መቆም ተሳነው፤ እንደ ተኛ ግን የእጅ ቦምብ ለጓደኛው ያቀብል ነበር። ቦምቡ ሲያልቅ ጆንሰን ተኮሰ። ጠመንጃው የፈረንሳይ ሆኖ ሳለ በጥድፊያ የአሜሪካ ጥይት ስለ ከተተበት ነከሰበት። በዚህ ጊዜ ጠመንጃውን ገልብጦ ሰደፉ እስኪሰባበር ድረስ ደበደበበት። እርሱ ራሱ በጥይትና በቦምብ ስብርባሪ ቆስሎ፣ ደሙ ፊቱን ሸፍኖት ሳለ፣ ጀርመኖች ሮበርትስን ማርከው ሊወስዱት ሲጎትቱት አየ። ቦሎ የሚባለውን ከባድ ጩቤውን መዝዞ መካከላቸው ገባ፤ ጓደኛውንም አስጣለ። እርዳታ ሲደርስ ወራሪዎቹ ሸሽተው ነበር፤ እርሱም ወደቀ።

በነጋ ጊዜ በሥፍራው የጀርመን ጦር መሣሪያና ሽቦ መቁረጫ፣ እንዲሁም እስከ ሽቦው ማዶ የተሳበ የደም ምልክት ተገኘ። አራት ያህል ጠላት እንደ ሞተ፣ ሌሎችም ብዙ እንደ ቆሰሉ ተገመተ። በሄንሪ ጆንሰን ገላ ላይ 21 ቁስል ተቆጠረ። የግራ እግሩ አጥንት ተሰባብሮ ስለ ነበረ ብረት ገባበት። የፈረንሳይ መንግሥት ለሁለቱም ክሯ ደ ጌር የሚባለውን የጦር መስቀል ሰጣቸው፤ በጆንሰን ላይ ደግሞ የወርቅ ዘንባባ ጨመረበት። ይህን ኒሻን ከተሸለሙት ከመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን መካከል እነርሱ ነበሩ። ማዕርጉም ከተራ ወታደርነት ወደ ሳጅንነት ከፍ አለ። ከአሜሪካ ሠራዊት ግን አንድም ሜዳይ አልመጣለትም።

አንዳንድ ሰው ይህን የዘር ጥላቻ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ጥላቻው ምክንያት መሆኑን አንክድም፤ በዚያ ጦርነት ከዘመቱት ጥቁር አሜሪካውያን መካከል በዘመኑ ታላቁን የክብር ሜዳይ ያገኘ አንድም ሰው አልነበረምና። ነገር ግን ጥላቻ የሚሠራበት መንገድ ነበረው፤ መንገዱም ወረቀት ነው። የአሜሪካ ሜዳይ የሚሰጠው አዛዥ ጽፎ ሲያሳስብ፣ ምስክርም ሲያያዝበት ነው። 369ኛው ክፍለ ጦር የተዋጋው በፈረንሳይ አዛዦች ሥር ስለ ሆነ የፈረንሳዩ ወረቀት በፈረንሳይ በኩል ሄዶ ሥራውን ሲጨርስ፣ በአሜሪካው በኩል ነገሩን ተከታትሎ የሚያስጨርስ አልተገኘም።

ክፍለ ጦሩ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1919፣ በኒው ዮርክ በአምስተኛው ጎዳና ላይ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። ቁስለኛው ሄንሪ ጆንሰን በክፍት መኪና ቆሞ አበባ እያወዛወዘ አለፈ፤ ሕዝቡም ስሙን እየጠራ እልል አለለት። መንግሥትም ምስሉን ለወታደር መመልመያና ለጦርነት ቁጠባ ቴምብር መሸጫ ተጠቀመበት። ስሙ ለቴምብር መሸጫ ሲበቃ ለሜዳይ አለመብቃቱ እኛን ያስገርመናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን፤ ደስ የሚያሰኝ አይደለምና። በሰልፉ ማግሥት በየከተማው ንግግር እንዲያደርግ ይጠራ ነበር። በማርች 1919 በሴንት ሉዊስ ከተማ ግን አድማጮቹ የጠበቁትን የወንድማማችነት ወሬ ትቶ፣ ነጮቹ ወታደሮች ጥቁሮቹን እንዴት ይንቁ እንደ ነበረ ተናገረ። ወዲያው ከተፈቀደው ቀን አሳልፎ የደንብ ልብስ ለብሷል ተብሎ የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት፤ የንግግር ጥሪውም ቀረ። ወደ ኦልባኒ ተመለሰ። ነገር ግን ብረት የገባበት እግር ሻንጣ አይሸከምም። ከሠራዊቱ ሲሰናበት የተሰጠው ወረቀት ደግሞ ስለ ቁስሉ አንዳች ቃል አልነበረበትም። 21 ቁስል ያለው ሰው በወረቀቱ ላይ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ! ትዳሩ ፈረሰ፤ መጠጥም እንዳበዛ ይነገራል። በጁላይ 1929 በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ ሞተ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መናገር አለብን። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የጻፍነው ከመንግሥት አንድ ሳንቲም ሳያገኝ ሞቶ በድኆች መቃብር ተጣለ ብለን ነበር። ጽሑፉ እንዲህ ሲሆን የበለጠ ያስለቅስ ነበር፤ ብዙ ሰዎችም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ጽፈዋል። ነገሩን ስንመረምር ግን የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በ1927 በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ፈጽሞ መሥራት የማይችል መሆኑን አጽድቆ በየወሩ ይከፍለው እንደ ነበረ አገኘን። የመቃብሩም ነገር ሌላ ነው። በ2002 ሄንሪ ጆንሰን በዋሽንግተን አጠገብ በአርሊንግተን በሚገኘው የጀግኖች መካነ መቃብር፣ በወታደራዊ ሥርዓት ተቀብሮ መገኘቱ ተነገረ። ሰባ ዓመት ሙሉ ያልታወቀው በመቃብሩ መዝገብ ላይ ዊልያም ሄንሪ ጆንሰን ተብሎ ስለ ተጻፈ ነው። በክርስትና ስሙ አንድ፣ በቤት ስሙ ሌላ፣ በትምህርት ቤት ደብተሩ ሦስተኛ ስም ያለው ተማሪ በእኛም ክፍል አለና ይህን ለመረዳት አልተቸገርንም።

መዝገቡን ለማረም የተደረገው ድካም ረዥም ነው። በኦልባኒ ከተማ ጆን ሃው የተባሉ በቬትናም የዘመቱ ሰው ከሌሎች ጋር ሆነው ለዓመታት ደብዳቤ ጻፉ፤ ማኅደር አገላበጡ። በእንደራሴዎች ምክር ቤትም በ1980ዎቹ የኒው ዮርኩ ጆሴፍ ዲዮጋርዲና የቴክሳሱ ሚኪ ሊላንድ የጥቁር ወታደሮች ሜዳይ ጉዳይ እንዲመረመር ይወተውቱ ነበር። ሚኪ ሊላንድን አገራችን ታውቃቸዋለች። በኦገስት 1989 ወደ ፉኚዶ የስደተኞች ሠፈር ሲጓዙ አውሮፕላናቸው በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራ ላይ ወድቆ ከነተከታዮቻቸው ያረፉት እኒያ እንደራሴ ናቸው። ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ በ1918 በፈረንሳይ የወደቀው ኮርፖራል ፍሬዲ ስታወርስ ለክብር ሜዳይ የታጨበት ወረቀት ከተቀመጠበት ተገኝቶ ሜዳዩ ለእኅቶቹ ተሰጠ።

የሄንሪ ጆንሰን ግን በደረጃ በደረጃ መጣ። በ1996 ፐርፕል ኸርት፣ ማለት ሐምራዊ ልብ የተባለው የቁስለኞች ሜዳይ ተሰጠው። ይህ ሜዳይ ዛሬ ባለው መልክ የተቋቋመው በ1932 ስለ ሆነ፣ በሕይወቱ ሳለ ሊያገኘው አይችልም ነበር። በ2002 ደግሞ በማዕርግ ሁለተኛ የሆነው የላቀ አገልግሎት መስቀል ተፈቀደ። ለታላቁ ለክብር ሜዳይ ግን በጊዜው የተጻፈ የአሜሪካ አዛዥ ምስክርነት የለም ተብሎ ነገሩ ቆመ። በመጨረሻ የኒው ዮርኩ ሴናተር ቸክ ሹመር ጸሐፊዎች ፍለጋ ላይ ሳሉ፣ ጄኔራል ፐርሺንግ ራሳቸው ከውጊያው ጥቂት ቀን በኋላ ስለ ሁለቱ ዘቦች ጀግንነት ያስተላለፉትን ጽሑፍ አገኙ። ክፍለ ጦሩን ለፈረንሳይ የሰጡት እኒያው ጄኔራል ናቸው! በ2011 ከ1,000 ገጽ የሚበልጥ ማስረጃ ለሠራዊቱ ቀረበ፤ ለሜዳዩ የተወሰነው የጊዜ ገደብ በዚህ ሰው ላይ እንዲነሣ በ2014 መጨረሻ በሕግ ተፈቀደ።

በጁን 2 ቀን 2015 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በዋይት ሃውስ የክብር ሜዳዩን ሰጡ። በዚያው ቀን ዊልያም ሼሚን ለተባለ አይሁዳዊ ሳጅንም ሜዳይ ወጣ፤ የእርሱን ሁለት ሴቶች ልጆቹ ተቀበሉ። የሄንሪ ጆንሰንን ግን የተቀበለ ዘመድ አልነበረም። ቀደም ብሎ በጦር አውሮፕላን ክፍል ያገለገለ አንድ የታወቀ ሰው ልጁ ነኝ ብሎ፣ ለአባቱ ክብር ሲከራከር ኖሮ የላቀውን መስቀል ተቀብሎለት ነበር። ከ2015ቱ በዓል በፊት ሠራዊቱ የትውልድ ሐረጉን ቢመረምር ዝምድናው አልተረጋገጠም። ሰውየው በዚያን ጊዜ አርፏል፤ ቤተ ሰቡ ሲነገረው ምን እንደ ተሰማው ስናስብ አዘንን። መዝገብ ሲታረም ወዳጅ የሆነውንም ይነካል። ስለዚህ ሜዳዩን የኒው ዮርክ ብሔራዊ ዘብ አንድ ከፍተኛ የበታች ሹም፣ ሉዊስ ዊልሰን፣ ተቀበለ።

ተማሪ ከሆነ ሰው ጥያቄ አይጠፋምና፣ ሌላው ስሙ ያልገነነ ወታደር ሜዳዩ ከመዝገቡ ሲጎድል ምን ያደርጋል ብለን ጠየቅን። በ1946 በወጣ ሕግ የሠራዊት መዝገብ አራሚ ጉባኤ ተቋቁሟል፤ ወታደሩ ወይም ወራሹ ማመልከቻና ማስረጃ ያቀርባል። በ1996 በወጣው ሕግ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ሜዳይ በምክር ቤት አባል ጥያቄ እንዲመረመር ተፈቀደ። ነገር ግን ማስረጃ ከወዴት ይምጣ? በጁላይ 1973 የወታደሮች ማኅደር የተከማቸበት ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ጠፋ። ከ1912 እስከ 1960 የተሰናበቱት የምድር ጦር ወታደሮች መዝገብ ከመቶ ሰማንያው አመድ ሆነ። ይህ ቤት የነበረው በሴንት ሉዊስ ነው፤ ሄንሪ ጆንሰን እውነቱን በተናገረበት ከተማ።

በኦልባኒ አንድ ሰፊ ጎዳና በስሙ ይጠራል። በሉዊዚያና ያለው ትልቁ የጦር ሠፈር ፎርት ፖልክም በጁን 2023 ፎርት ጆንሰን ተብሎ ነበር፤ በ2025 ግን ስሙ እንደገና ፎርት ፖልክ ሆነ። የመታሰቢያ ድንጋዩ በአርሊንግተን በክፍል 25 ይገኛል።