ጎተና የስትራስቡርግ ማማ

ዮሐን ቮልፍጋንግ ጎተ የሕግ ትምህርቱን ሊፈጽም ስትራስቡርግ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው ገና 20 ነበረ። ላይፕሲግ ሲማር ታምሞ ወደ አባቱ ቤት ተመልሶ ነበርና ጤናው ቢመለስለትም ነርቩ እንደ ሳሳ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሲወጣ ራሱን ያዞረዋል፤ ኀይለኛ ድምፅ ይረብሸዋል፤ በሽታና ቁስል ማየት ይዘገንነዋል፤ ሌሊትና ጨለማም ያስፈራዋል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚያደርገውን እናውቃለን፤ ይሸሻል። ከመካከላችንም የቃል ፈተና የሚሰጠውን መምህር ላለማግኘት ቤተ መጻሕፍቱን ዞሮ የሚያልፍ አይጠፋም። ሽሽት ለጊዜው ያሳርፋል፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይጀምራል። ልብ የዳነው ስለ ሸሸ ብቻ ይመስለዋል፤ ባይሸሽም ኖሮ ምንም እንደማይደርስበት የሚያይበት ዕድል አያገኝም። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ አድጎ ይጠብቀዋል።

ጎተ ይህን መንገድ አልመረጠም። የስትራስቡርግ ካቴድራል ማማ 142 ሜትር ነው፤ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ከእርሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም። ጎተ ብቻውን እስከ ጫፉ ይወጣና ከጉልላቱ በታች ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ልቡን ያደፋፍራል። ከዚያ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። የሚቆምባት ቦታ ወርዷም ርዝመቷም አንድ ክንድ ቢሞላ ነው፤ ደኅና መያዣም የላትም። አንድ ቀን ወጥቶ ጀግና ሆኖ አልወረደም፤ ነገሩ ምንም እስከማይመስለው ድረስ ደጋግሞ ወጣ።

ማታ የወታደሮቹ ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ደፍኖ እንደ መራቅ ከከበሮዎቹ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። የአናቶሚ ትምህርት ገብቶ ሬሳ ሲከፈት አየ። በሌሊትም በመቃብር ሥፍራ ዞረ። በኋላ ዘመኑ ተራራ ሲወጣ፣ በሚሠራ ቤት ላይም ከአናጢዎች ጋር በወራጅ ላይ ሲራመድ ልምምዱ ጠቅሞታል። ይህን በ1812 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ክፍል ራሱ ተርኮታል።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ያልተለማመደው ነገር ነው። የማያውቀውን ሰው ሬሳ ማየት የቻለው ጎተ የወዳጁን ሬሣ ሣጥን ማየት አልቻለም። በ1805 ወዳጁ ሺለር ሲቀበር፣ በ1816 ሚስቱ ክርስቲያነ ስትቀበር አልተገኘም፤ በሁለቱም ጊዜ ታምሞ ነበረ ይባላል። በ1828 ጌታውና ወዳጁ መስፍን ካርል አውጉስት ሲሞት ግን ከቫይማር ወጥቶ ዶርንቡርግ ተቀመጠ።

ሰዎቹም ይህን ፍርሃቱን ለምደውለት ነበር። የወጣትነት ወዳጁ ሻርሎተ ፎን ሽታይን በ1827 ከመሞቷ በፊት አስከሬኗ በጎተ ቤት ደጃፍ እንዳያልፍ አሳስባ ነበር። ጎተ ያን ጊዜ 77 ዓመቱ ነበረ።