ስለ አፈር የጮኸ ሰው
(የታናካ ሾዞ የሕይወት ታሪክ)

የሰው ታላቅነት የሚለካው ትቶት በሚሞተው ሀብት ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ታሪኩን የምናወሳው ጃፓናዊ ታናካ ሾዞ ስሙም ባልተነሣ ነበር። ይህ ሰው ሴፕቴምበር 4 ቀን 1913 በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ ሲሞት አብሮት የተገኘው ንብረት አንድ ከረጢት ብቻ ነበረ። ከረጢቱ ሲከፈት አንድ አዲስ ኪዳን፥ የዕለት ማስታወሻ ደብተር፥ ጽፎ ያልጨረሰው ወረቀት፥ የአገሩ ሕገ መንግሥትና የማቴዎስ ወንጌል ባንድነት የተሰፉበት ጥራዝ፥ እንዲሁም ከወንዝ ዳር የለቀማቸው ሦስት ጠጠሮች ተገኙበት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች፥ ስለ አገራችን ከሚነገረው በቀር፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በከረጢቱ ውስጥ የተገኘው ሕገ መንግሥት ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ እንደ ምሳሌ ከታዩት ሕጎች ዋናው ይኸው የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበረ። ታናካ ሾዞ በዕድሜው ሙሉ የጠየቀውም ነገር ቢኖር በዚያ ሕግ የተጻፈው ቃል በገበሬው ማሳ ላይ እንዲፈጸም ነው።

ታናካ የተወለደው በ1841 ከቶክዮ በስተሰሜን በሚገኘው፥ ዛሬ ቶቺጊ በሚባለው አውራጃ፥ ኮናካ በምትባል መንደር ነው። አባቱ በእኛ አገር ጭቃ ሹም እንደሚባለው ያለ የመንደር አለቃ ነበረ፤ እርሱም ገና በወጣትነቱ በዚሁ ሹመት ተተካ። ይሁን እንጂ የሹመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ግፍን ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። የአገሩ ባላባት ቤት ሹማምንት በገበሬው ላይ የሚያደርሱትን በደል ስለ ተቃወመ፥ በ1868 ቀጥ ብሎ ለመቆምም ሆነ ተዘርግቶ ለመተኛት በማይቻልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአሥር ወር በላይ ታሰረ። በምግቡ መርዝ እንዳይሰጡት በመፍራትም ወዳጆቹ በስውር የላኩለትን ደረቅ ዓሣ እየቈረጠመ ሰነበተ። ከዚያም በሰሜን ጃፓን በአነስተኛ የመንግሥት ሥራ ላይ ሳለ አለቃው ስለ ተገደለ፥ ባልሠራው ወንጀል ተጠርጥሮ ሦስት ዓመት ያህል ታሰረና በ1874 ነጻ ወጣ።

ከእስራት በኋላ ወደ ሕዝብ አገልግሎት ገባ። በ1879 ጋዜጣ በማቋቋም ተካፈለ፤ በ1880 ለአውራጃው ምክር ቤት ተመረጠ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1890 ጃፓን የመጀመሪያውን የፓርላማ ምርጫ ስታደርግ የቶቺጊ ሕዝብ እንደራሴው አድርጎ ወደ ቶክዮ ላከው። በዚሁ ዓመት ግን በትውልድ አገሩ ያልታሰበ መቅሠፍት ደረሰ።

ከቶክዮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተራሮች መካከል አሺዮ የሚባል የቆየ የመዳብ ማዕድን ማውጫ አለ። ፉሩካዋ ኢቺቤ የተባለው ነጋዴ በ1877 ይህን ሥፍራ ገዝቶ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰበት፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ እጅግ የበለጸገ የመዳብ ሥር ተገኘ። ከአውሮጳ የመጡ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ በ1890 ማዕድኑ በውሃ ኃይል በሚሠራ ኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ፤ ከጃፓን መዳብ ሲሶ ያህሉ ከዚህ አንድ ሥፍራ ይወጣ ነበር። መዳቡ ወደ ውጭ አገር እየተሸጠ ለመድፍና ለመርከብ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ያስገኝ ስለ ነበር መንግሥት አሺዮን እንደ ዓይኑ ብሌን ያየው ነበር።

ችግሩ የመጣው ግን ከዚያው ከብልጽግናው ነው። የአሺዮ መዳብ ከድኝ ጋር ተጣብቆ የሚገኝ ነውና ድንጋዩ በእቶን ሲቀልጥ ድኙ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ጢሱም ከዝናብ ጋር ሲዋሐድ እንደ ኮምጣጤ የሚያቃጥል አሲድ ሆኖ ይወርዳል። ቀድሞውኑ ለከሰልና ለጉድጓድ ድጋፍ ብዙ ዛፍ ተቈርጦ ስለ ነበር፥ የቀረውን ደን ጢሱ አደረቀው። ተራራው ራቁቱን ሲቀር ዝናቡን የሚይዘው ሥር ጠፋ፤ ውሃውም ባንድ ጊዜ እየተንደረደረ ወደ ዋታራሴ ወንዝ መውረድ ጀመረ። በየሸለቆው ተከምሮ የነበረውንም የደቀቀ የማዕድን ትራፊ እየጠረገ ይዞት ወረደ።

የዋታራሴ ዳር ገበሬ ጎርፍ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ወንዙ አልፎ አልፎ ሞልቶ ሲፈስስ ከተራራው ጥቁር ደለል አምጥቶ በማሳው ላይ ያነጥፍለት ነበርና፥ እንደ ማዳበሪያ ይቈጥረው ነበር። ከ1890 የነሐሴ ጎርፍ በኋላ ግን ደለሉ የነካው ሩዝ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ቀደም ብሎም ዓሣው ሞቶ በወንዙ ላይ ሲንሳፈፍ ታይቶ ነበር። ከሁሉ የከፋው የመስኖው ውሃ ወደ ማሳው በሚገባበት አፍ ላይ ያለው መሬት ነበረ፤ ውሃው ፍጥነቱን የሚቀንሰውና የተሸከመውን ደለል መጀመሪያ የሚጥለው እዚያ ነውና።

ገበሬዎቹ በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር ሊመሰገን ይገባዋል። በጩኸት ብቻ ሳይወሰኑ የማሳቸውን አፈር ወደ ቶክዮ እርሻ ኮሌጅ ልከው አስመረመሩ። ኮዛይ ዮሺናኦ የተባለው የኬሚስትሪ ምሁር በ1891 አፈሩን መርምሮ የሰብሉ ጥፋት ምክንያት መዳብ መሆኑን ገለጸላቸው። መዳብ በጣም ጥቂቱ ለተክል የሚያስፈልግ ነው፤ ሲበዛ ግን ሥሩን ያኮማትረዋል። ፍግ በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ቅጠልም አፈር ይሆናል፤ መዳብ፥ እርሳስ፥ ካድሚየምና እነርሱን የመሰሉት ከባድ ብረታ ብረቶች ግን አይበሰብሱም። ከሸክላው አፈርና ከብስባሹ ጋር ተያይዘው ገበሬው፥ ልጁና የልጅ ልጁ በሚያርሱት ንብርብር ውስጥ ይቀመጣሉ።

ታናካ ይህን ማስረጃ ይዞ በዲሴምበር 1891 ፓርላማ ውስጥ ቆመ። የሕገ መንግሥቱ 27ኛ አንቀጽ የዜጋን ንብረት የማይደፈር አድርጎታልና፥ የገበሬው መሬት በመርዝ ሲጠፋ መንግሥት ስለ ምን ዝም ይላል ሲል ጠየቀ። የእርሻና የንግድ ሚኒስትሩ ሙትሱ ሙኔሚትሱ ነበሩ፤ የእርሳቸውም ሁለተኛ ልጅ የማዕድኑ ባለቤት የፉሩካዋ የማደጎ ልጅ ነበረ። ከመንግሥት የተሰጠው መልስ ጉዳት መኖሩን ሳይክድ፥ ምክንያቱ ግን ገና በእርግጥ አልታወቀም የሚል ሆነ። ምርመራው በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ ምርመራ ይደረጋል ተባለ።

በሚከተሉት ዓመታት የአውራጃው ሹማምንት ሽማግሌ ሆነው ገበሬውንና ማዕድኑን ለማስታረቅ ተነሡ። ገበሬው ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ዳግመኛ አቤት እንዳይል ይፈርም ጀመር። ሰውን በወረቀት ማስፈረም ይቻላል፤ ወንዝን ግን ማን ያስፈርመዋል? በሴፕቴምበር 1896 ከቀድሞዎቹ የባሰ ጎርፍ ወርዶ የተፈረመውን ውል ሁሉ ከንቱ አደረገው።

ከዚህ በኋላ ገበሬዎቹ በ1897 በብዙ ሺህ እየሆኑ በእግራቸው ወደ ቶክዮ ተጓዙ። መንግሥትም መርማሪ ጉባኤ አቁሞ በግንቦት ወር ማዕድኑ የዝቃጭ ማጥለያ ኩሬና የጢስ ማጣሪያ እንዲሠራ በጥብቅ አዘዘ። የጢሱ ማጣሪያ ድኙን ሊይዘው አልቻለም፤ ኩሬዎቹ ግን ወደ ወንዙ የሚገባውን አዲስ መርዝ ቀነሱት። ነገር ግን አሮጌው መርዝ በማሳው ውስጥ እንዳለ ነው። የሚፈስሰውን ማቆም አንድ ሥራ ነው፤ የተቀመጠውን ማውጣት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ለዚህ ለሁለተኛው በጀት የያዘለት አልነበረም።

በ1899 ፓርላማው የእንደራሴዎችን ደመወዝ ከ800 የን ወደ 2,000 የን ከፍ ሲያደርግ፥ ታናካ ጭማሪውን ብቻ ሳይሆን ደመወዙን በሙሉ አልቀበልም አለ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1900 ወደ ቶክዮ ይጓዙ የነበሩ ገበሬዎች ካዋማታ ላይ ከፖሊሶች ጋር ተጋጩ፤ ብዙ ሰው ተደብድቦ 51 ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ። ታናካ ችሎቱን ሲከታተል በዐቃቤ ሕጉ ንግግር ላይ በረዥሙ ቢያዛጋ ፍርድ ቤት ደፈርህ ተብሎ ተከሰሰ፤ በዚህም ምክንያት በ1902 አርባ ቀን ያህል ታሰረ። ከረጢቱ ውስጥ የተገኘውን አዲስ ኪዳን ማንበብ የጀመረው በዚያ እስራት ነው። በገበሬዎቹ ላይ የቀረበው ክስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተሰረዘ።

ፓርላማው እንደማይሰማው ባየ ጊዜ፥ በኦክቶበር 1901 የእንደራሴነቱን ሥራ ለቀቀ። በነገሩ እንዳትጠየቅበትም ለሚስቱ የፍቺ ወረቀት ላከላት። ዲሴምበር 10 ቀን፥ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ፓርላማውን ከፍተው ሲመለሱ፥ የስድሳ ዓመቱ ሽማግሌ ጥቁር ልብሱን ለብሶ፥ አቤቱታውን በእጁ ይዞ እየጮኸ ወደ ሠረገላው ሮጠ። አቤት ማለት የኑሮው ክፍል ለሆነ ለእኛ አገር ሰው የዚህን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ጠባቂዎቹ ያዙት፤ ወረቀቱም ንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልደረሰም። ባለሥልጣኖቹ ክስ ቢመሠርቱ ነገሩ እንደሚገንን ስላወቁ፥ አእምሮው የተናወጠ ሰው ነው ብለው በዚያው ቀን ለቀቁት።

አቤቱታው ንጉሡ ዘንድ ባይደርስም ሕዝቡ ዘንድ ደረሰ። ጋዜጦች አሳተሙት፤ የቶክዮ ተማሪዎች በብዛት እየሆኑ የተበላሸውን ማሳ በዓይናቸው ሊያዩ ወረዱ። በዚያው ሰሞን ካዋካሚ ሐጂሜ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ስለ ተጐጂዎቹ በተደረገ ስብሰባ ላይ የለበሰውን ካፖርት አውልቆ ሰጠ፤ ይህ ወጣት ኋላ በአገሩ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ሊቅ ሆኗል።

መንግሥት ሁለተኛ መርማሪ ጉባኤ አቆመ። ጉባኤው በ1903 ያቀረበው መፍትሔ ግን መርዙን ከምንጩ ከማቆም ይልቅ ጎርፉን በአንድ ሥፍራ ማጠራቀም ሆነ፤ ለዚህም የተመረጠው ያናካ የሚባል መንደር ነበረ። ታናካ በ1904 ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያው መንደር ገባ። በ1906 መንደሩ ከመንግሥት መዝገብ ተፋቀ፤ በ1907 አንለቅም ያሉት የ16 ቤተሰቦች ቤት በፖሊስ ኃይል ፈረሰ። እነርሱም በፍርስራሹ ላይ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ታናካ ግን እስኪሞት ድረስ በየወንዙ ዳር እየዞረ፥ ጎርፉ የት ድረስ እንደ ወጣ ገበሬውን እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር። በ71 ዓመቱ ሲሞት በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ቀብሩ ላይ ተገኘ፤ የየመንደሩም ሕዝብ የእኛ ነው ስላለ አፅሙ ተከፋፍሎ በየሥፍራው ተቀበረ።

እርሱ ከሞተ በኋላ የሆነው ነገር አባባሉ ሁሉ ትክክል እንደ ነበረ አስረድቷል። በ1958 በአሺዮ የትራፊ ክምር ተንዶ ማሳዎቹን እንደገና በከለ። በ1970 ጃፓን የእርሻ አፈርን ከብክለት የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ለሩዝ ማሳም በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ 125 ሚሊግራም መዳብ የመጨረሻ ወሰን ሆኖ ተቀመጠ። በ1971 በዚያው ወንዝ ዳር በበቀለ ሩዝ ውስጥ ካድሚየም ተገኘ። ማዕድን ማውጣቱ በ1973 ቆመ፤ በ1974 ኩባንያው ኃላፊነቱን ተቀብሎ ለገበሬዎቹ 1.55 ቢሊዮን የን ካሣ ለመክፈል ተስማማ። ታናካ በፓርላማ ጥያቄውን ካቀረበ 82 ዓመት አልፎት ነበር። ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ቢሆን፥ በ2011 በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የትራፊው ክምር ዳግመኛ ተንሸራቶ በወንዙ ውሃ ውስጥ ከወሰን በላይ የሆነ እርሳስ ተለካ።

ይህ ታሪክ የጃፓን ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የፋብሪካ ትቦ በአትክልት ቦታ አጠገብ በሚፈስስበት፥ የአሮጌ ባትሪ ማቅለጫ የነበረ ግቢ መኖሪያ ሰፈር በሚሆንበት ከተማ ሁሉ የአፈሩ ሕግ አንድ ነው። ከተማው ስሙን ይለውጣል፤ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ሹሙ ይዛወራል፤ ብረቱ ግን በገባበት አፈር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በወጣትነቱ መዝገብ ቤት ገብቶ የምርመራ ወረቀት በእጁ ለሚያልፍ ሹም የታናካ ሕይወት ትልቅ ትምህርት ነው። ወረቀትን በመሳቢያ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ አፈር ግን የተሰጠውን ሒሳብ አይረሳም፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ወረቀቱን ያቈየው ሰው ሳይሆን ገና ያልተወለደ ልጅ ነው።

አቤቱታው በመጨረሻው ምን ሆነ የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በግንቦት 2014 የሜጂ የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ ወደ ታናካ አገር ወደ ሳኖ ከተማ በሄዱ ጊዜ፥ ያ ወረቀት ቀርቦላቸው ተመለከቱት። ከቶክዮ አደባባይ እስከዚያች ክፍል ድረስ መንገዱ 112 ዓመት ከአምስት ወር ፈጅቷል።