አበበ ቢቂላ፤ ከሮም በፊት የተሮጠው ማራቶን

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ የሮጠ ኢትዮጵያዊ ወታደር የኦሎምፒክ ማራቶንን አሸነፈ። ለውጭው ዓለም ድሉ ያልተጠበቀ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰዓት ይዘው ሲከታተሉት ለነበሩት ግን እንዲህ አልነበረም፤ የሮሙ ውጤት ከአንድ ወር በፊት በሀገር ቤት መንገድ ላይ ታይቶ ነበርና። የሻምበል አበበ ቢቂላ የመጀመሪያ ማራቶንም የተሮጠው በሮም ሳይኾን በአዲስ አበባ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ደጋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ ተወለደ። ከጀውሃና ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል የጣርማበርን ዳገት የወጣ መንገደኛ የዚያን ደጋ ብርድ ያውቀዋል። አበበ በተወለደበት ዕለት በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ሲካሄድ ነበር። ሕፃን ሳለ የፋሺስት ጣሊያን ወረራ መጣ፤ ቤተሰቡም ከቀየው ተሰደደ። ከዚያ በኋላ ያለው የልጅነት ዘመኑ እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ከብት በመጠበቅ አለፈ። በወጣትነቱ ኑሮ ፍለጋ አዲስ አበባ ገብቶ በ1940ዎቹ አጋማሽ የክቡር ዘበኛ ወታደር ኾነ።

በክቡር ዘበኛ ውስጥ የወታደሮችን አካል ብቃት የሚከታተል ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበር። ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ አበበ ገና ከተመረጡት መካከል አልነበረም። በጦር ኃይሎች ውድድርም ዋሚ ቢራቱን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣበት ጊዜ አለ። ኾኖም በየዕለቱ ከሱሉልታ ኮረብቶች ወደ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ የነበረው ይህ ቀጭን ወታደር ከአሠልጣኙ ዓይን አላመለጠም።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ለእግረኛ ገበያተኛ የቀን ሙሉ መንገድ ነው። ያን ርቀት ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ ጉልበት ብቻ አይበቃም። ሰውነት ከጀማሪው በላይ ከመጨረሻው አሥር ኪሎ ሜትር ጋር እንዲለማመድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት በሰውነት ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ያልቃል፣ እግር ይከብዳል። ኒስካነን ረጅሙን ሩጫ ከፈጣን ሩጫና ከዳገት ጋር እያፈራረቀ ያሠለጠነው ለዚህ ነበር።

የሥልጠናው ቦታም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከይፋት ቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ስስ ነውና። በዚያ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ግን ሰውነቱ ኦክስጅን የሚያደርሱ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። በእንጦጦና በሱሉልታ ከፍታ ላይ ለዓመታት የሮጠ ሰው ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ሲወርድ አየሩ ይትረፈረፍለታል። በዚያ ዘመን የዓለም አሠልጣኞች ለዚህ ጉዳይ ብዙ ትኩረት አልሰጡትም ነበር።

አበበ በመጋቢት 1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ትዳር መሠረተ። በዚያው ዓመት ክረምት የመጀመሪያ ማራቶኑን አዲስ አበባ ላይ ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ በድጋሚ ሲሮጥ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነበር። አበበ ያን ሰዓት ያሻሻለው በደጋማ ከተማ፣ በስስ አየር ላይ ነው። እርሱና አበበ ዋቅጅራ ወደ ሮም እንዲሄዱ ተመረጡ።

ሮም ላይ የተገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ባዶ እግር ለእርሱ እንግዳ አልነበረም፤ የለመደው ነበርና ያልለመደውን ጫማ ተወ። ከአሠልጣኙ ጋርም የውድድሩን መንገድ አስቀድሞ አይቶ፣ ፍጥነት የሚጨምርበትን ስፍራ ለይቶ ነበር። ያ ስፍራ ፋሺስት ጣሊያን ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመበት አደባባይ ነው።

ውድድሩ ሙቀቱ በረድ እንዲል በዚያው ሀገር አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ተጀመረ። አበበ ተጠንቀቅ የተባለው የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ሲኾን፣ 26 ቁጥር ለብሶ ይሮጣል ተብሎ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ ከጎኑ ይሮጥ ነበር። ሁለቱ ለረጅም ርቀት አብረው ከተጓዙ በኋላ ከሐውልቱ አጠገብ አበበ ተፈተለከ። ጨለማ በወረደባት ከተማ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ደረሰ፤ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ኾነ። ሰዓቱ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር፤ ድሉም ለጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ኾነ። በማግስቱ ኢትዮጵያ አዲስ ዓመቷን በድል ዜና ተቀበለች። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በማሸነፍ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ኾነ። ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በሜክሲኮ ግን የእግር ጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አስቆመው፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። በእንግሊዝ ሀገር ሲታከም ቆይቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ኾኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይም በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐርፎ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የባዶ እግሩን ሩጫ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ኢትዮጵያውያን ሯጮች የወረሱት ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ነው፤ የማለዳውን ዳገት፣ የዓመታቱን ልምምድ፣ በሀገር ቤት አስቀድሞ የተፈተነውን ርቀት።