ክርስቲያን ዶፕለርና የደም ጉዞ

ወደ ሚኤሶ ጣቢያ የሚቀርብ ባቡር ሲነፋ፣ የድምፁ ሞገዶች ስለሚጠጋጉ ቀጭን ሆኖ ይሰማናል፤ ሲርቅ ግን ይወፍራል። ይህን ሕግ የገለጠልን ዶፕለር በ1803 (እ.ኤ.አ.) በሳልዝበርግ ከድንጋይ ጠራቢ ቤተሰብ ተወለደ። ሰውነቱ ደካማ ስለ ነበረ የአባቱን ሙያ ትቶ በትምህርት በረታ። በፕራግ መምህር ሳለ በ1842 ሐሳቡን አቀረበ። በ1853 በ49 ዓመቱ በሳንባ በሽታ በቬኒስ ሲሞት፣ የሥራውን ፍሬ በሐኪም ቤት አላየም።

ዛሬ በዚሁ ሕግ የደም ፍጥነት ይለካል። አንዱ ክሪስታል ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ያለማቋረጥ ይልካል፤ ሁለተኛው ከደም ሕዋሳት የሚመለሰውን ይቀበላል። መሣሪያው በጠበበ የልብ በር የሚሮጠውን ደም እንኳ ይለካል፤ ነገር ግን ድምፁ ከየትኛው ጥልቀት እንደ ተመለሰ አይለይም።

እኛም ከዶፕለር ሕይወት የተማርነው፣ የሰውነት ድካም ከእውቀት እንደማያግድ ነው።