የስፒትፋየር መሐንዲስ የሬጂናልድ ሚቸል የሕይወት ታሪክ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ታሪኩን ልጽፍላችሁ የመረጥሁት ሰው ጦር ሜዳ ያልዋለ፣ ጥይትም ያልተኮሰ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ስሙ ሬጂናልድ ጆሴፍ ሚቸል ይባላል። ይህን ሰው በደንብ ያወቅሁት ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ በኮምፒዩተር በሚሠራ የአየር ውጊያ ሲሙሌተር ውስጥ የመጀመሪያውን ዓይነት ስፒትፋየር ልክ እንደ ጥንቱ አድርገን ለመሥራት በተነሣን ጊዜ ነው። የአንድ አይሮፕላን ክንፍ፣ ክብደትና ፍጥነት በቁጥር እየተጻፈ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ አይቀርም፤ ጥያቄውም ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ሰው ያደርሳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሚቸል የተወለደው ግንቦት 20 ቀን 1895 በስታፎርድሺር አውራጃ ኪድስግሮቭ በሚባል ሥፍራ ሲሆን፣ ያደገው በሸክላ ሥራዋ በታወቀችው በስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ ነው። አባቱ በመጀመሪያ አስተማሪ፣ በኋላም የማተሚያ ቤት ባለቤት ነበር። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ ትንንሽ አይሮፕላኖች እየሠራ ይጫወት ነበር። በዚያን ጊዜ አይሮፕላን ራሱ ገና የጥቂት ዓመት ፍጥረት መሆኑን ስናስብ ዝንባሌው ከየት እንደ መጣ ያስደንቃል።

በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት ለቆ የባቡር ሞተር ከሚሠራ ፋብሪካ በተለማማጅነት ገባ። ቀን ቀን እጁ በቅባት እየጠቆረ ሲሠራ ይውልና ማታ የሒሳብና የምሕንድስና ትምህርት ይከታተላል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ይህን የምጽፈው ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም ለማለት አይደለም (ወላጆቼ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡት አውቃለሁና)፤ ነገር ግን የማታ ትምህርት የሚማር ሰው ምን ያህል እንደሚደክም በየቤታችን የምናውቀው ስለ ሆነ ነው።

በ1917 ሳውዝሃምፕተን ከተማ ወደሚገኘው ሱፐርማሪን ወደሚባለው የባሕር አይሮፕላን ፋብሪካ ተቀጥሮ ሄደ። በማግሥቱ ዓመት ፍሎረንስ ዴይሰን የምትባል አስተማሪ አገባ፤ በ1920ም ጎርደን የሚባል አንድ ልጅ ወለዱ። ሥራው ላይ ግን እድገቱ የሚያስገርም ነበር፤ በ24 ዓመቱ የፋብሪካው ዋና ንድፍ አውጪ ሆነ። ቪከርስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ በ1928 ፋብሪካውን ሲገዛ፣ ሚቸል ከሥራው እንዳይለቅ በውሉ ውስጥ ማስገባቱ ሰውየው ምን ያህል ይፈለግ እንደ ነበር ያሳያል።

ስሙን ያስጠራው በመጀመሪያ የሽናይደር ዋንጫ የሚባለው የባሕር አይሮፕላኖች የፍጥነት ውድድር ነው። በ1925 ኤስ 4 የተባለው አይሮፕላኑ አሜሪካ ባልቲሞር ላይ ወደ ባሕር ወደቀ፤ አብራሪው ግን ተረፈ። ሚቸል ከዚያ ተነሥቶ በ1927 በኤስ 5፣ በ1929 በኤስ 6፣ በ1931 ደግሞ በኤስ 6 ቢ አሸነፈ። በ3 ተከታታይ ድል ዋንጫው ለዘለዓለም የእንግሊዝ ሆኖ ቀረ። ያው ኤስ 6 ቢ በዚያው ዓመት በመስከረም በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ የዓለምን የፍጥነት ወሰን ሰበረ።

ይህን ሁሉ ድል ያገኘ ሰው የመጀመሪያውን ተዋጊ አይሮፕላን ሲሠራ ግን አልተሳካለትም። ዓይነት 224 የሚባለው በ1934 የበረረው አይሮፕላን ጎማዎቹ የማይታጠፉ፣ ክንፉ ወፍራም፣ የሞተሩም ማቀዝቀዣ የሚያስቸግር ነበር። የአየር ኀይል ሚኒስቴር አልተቀበለውም። በእኔ አስተያየት ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይልቅ ለሚቸል የጠቀመው ይህ ውድቀት ነው፤ ስፒትፋየር የ224ን ጉድለት አንድ በአንድ በመቃወም የተሠራ ይመስላልና።

ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። በ1933 በነሐሴ ወር ሚቸል የአንጀት ነቀርሳ እንዳለበት ታወቀና ከባድ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆዱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ከረጢት አንጠልጥሎ መኖር ግድ ሆነበት። ዕድሜው 38 ዓመት ነበር። በሽታው ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ይህም ሳይበቃው አይሮፕላን መንዳት ተምሮ በ1934 የአብራሪነት ፈቃድ አወጣ።

አሁን ስለ ክንፉ ልንገራችሁ። የስፒትፋየር ክንፍ ሞላላ ነው፤ ሰዎችም ለውበት የተሠራ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፍጥነት ለማግኘት ክንፉ ቀጭን መሆን ነበረበት፤ በዚያው ቀጭን ክንፍ ውስጥ ግን የሚታጠፉት ጎማዎችና 8 መትረየሶች ከነጥይታቸው መግባት ነበረባቸው። ሞላላ ቅርጽ ክንፉ ወደ ጫፉ ቶሎ እንዳይጠብ ስለሚያደርግ ቦታ ይሰጣል፤ የአየሩንም መጎተት ይቀንሳል። ሒሳቡን ያወጣው ቤቨርሊ ሼንስተን የተባለ ካናዳዊ ረዳቱ ነው። ሚቸል ራሱ ቅርጹ ሞላላ ቢሆንም ባይሆንም ግድ አልነበረውም፤ መትረየሶቹን ይሸፍን እንጂ። በ1942 ስለ እርሱ የተሠራው ሲኒማ የባሕር ወፎችን እያየ አይሮፕላኑን እንዳሰበው አድርጎ ያሳያል፤ ሲኒማው ያማረ ቢሆንም እኔ ሼንስተንና የንድፍ ክፍሉ ሰዎች ድካም በወፎች መሸፈኑን አልወደድሁትም።

ክንፉ ሌላም ምሥጢር አለው። በሥሩ 2 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ይልና ጫፉ ላይ ሲደርስ ግማሽ ዲግሪ ወደ ታች ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት አብራሪው አይሮፕላኑን ከልክ በላይ ሲያጥፈው በመጀመሪያ የመሸከም ኀይል የሚያጣው የክንፉ ሥር ነው፤ አይሮፕላኑም ይንቀጠቀጣል፤ ጫፉ ግን ገና ይታዘዛል። መንቀጥቀጡ ለአብራሪው ማስጠንቀቂያ ነው። እኛም ይህን ጥምዝ በሲሙሌተሩ ውስጥ ባስገባን ቀን አይሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት ሲንቀጠቀጥ አየነው።

ስለ ቆርቆሮው ማያያዣ ስለ ሪቬት የሚነገረው ታሪክ ደግሞ ለእናቶቻችን ደስ የሚል ነው። ጭንቅላቱ ያበጠ ሪቬት ፍጥነት እንደሚቀንስ ለማወቅ የፋብሪካው መሐንዲሶች በለሰለሰው አይሮፕላን ላይ የአተር ክክ በሙጫ ለጠፉበትና አበረሩት። ክኩ በሙሉ ሲለጠፍ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 35 ኪሎ ሜትር ቀነሰ። ከዚያ በየቦታው ክኩን እያነሡ የትኛው ሪቬት መለስለስ እንዳለበት፣ የትኛውስ በርካሽ ሊተው እንደሚችል ለዩ።

መጋቢት 5 ቀን 1936 ኬ 5054 የሚል ቁጥር ያለው የመጀመሪያው ስፒትፋየር ከኢስትሊ ሜዳ ተነሣ። የነዳው ጆሴፍ ሰመርስ ነው። ፍጥነቱ በመጀመሪያ ከታሰበው አንሶ በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ ሚቸልም አዝኖ ነበር፤ ፕሮፔለሩ ከተለወጠ በኋላ ግን ወደ 560 ደረሰ። በሰኔ ወር መንግሥት 310 አይሮፕላኖች አዘዘ።

ይሁን እንጂ ሚቸል ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። ያ ያማረ ክንፍ ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበር የመጀመሪያው አይሮፕላን ለአየር ኀይሉ የደረሰው በነሐሴ 1938 ነው። የሁለቱ ጎማዎች ርቀት ጠባብ በመሆኑ መሬት ላይ ያወላግዳል። የውኃው ማቀዝቀዣ በቀኝ ክንፍ ሥር ስለ ተቀመጠ መሬት ላይ ብዙ ከቆየ ሞተሩ ይግላል። በመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች ጎማውን ለማጠፍ አብራሪው ግራ እጁን ወደ መሪው አዛውሮ በቀኝ እጁ ፓምፕ መግፋት ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት ልምድ የሌለው አብራሪ ከሜዳው ሲነሣ አይሮፕላኑ እንደ ዶልፊን ከፍ ዝቅ ይላል።

በዚህ ፓምፕ ምክንያት ከጓደኞቼ ጋር ብርቱ ክርክር ነበረን። አንደኛው ተጫዋቹን ያሰለቻልና በአንድ ቁልፍ ይታጠፍ አለ። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። በ1940 የብሪታንያ ሰማይ ላይ የተዋጉት ብዙዎቹ ከእኛ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ብቻ የሚበልጡ ወጣቶች ነበሩ፤ እነርሱ ያገኙትን አይሮፕላን ከነችግሩ ካላሳየን የሠራነው ስፒትፋየር ሳይሆን ሥዕሉ ይሆናል። ክርክሩ ሦስት ቀን ቆይቶ ፓምፑ ገባ። ሞተሩም አፍንጫው በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ቤንዚን አጥቶ እንዲያቋርጥ አደረግን፤ እውነተኛውም እንዲሁ ያደርግ ነበርና።

ሚቸል ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየም። በ1937 መጀመሪያ በሽታው ተመልሶ መጣና ሥራውን ለመተው ተገደደ። በሚያዝያ ወር ለሕክምና ወደ ቪየና በአይሮፕላን ተወሰደ፤ ሐኪሞቹ ግን ሊረዱት ስላልቻሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰኔ 11 ቀን 1937 በ42 ዓመቱ ሞተ፤ ሳውዝሃምፕተን ውስጥም ተቀበረ። ልጁ ጎርደን ያን ጊዜ 16 ዓመቱ ነበር። ሥራውን ጆሴፍ ስሚዝ ተረክቦ አይሮፕላኑን በየጊዜው እያሻሻለ ከ20,000 በላይ ስፒትፋየር ተሠራ። በሚቸል ዕድሜ የበረረው ግን ኬ 5054 ብቻ ነበር፤ እርሱም ሲፈተን ለማየት በመኪናው እየመጣ ከሜዳው ዳር ይቆም ነበር።

ይህ የመጀመሪያው አይሮፕላን ጦርነቱ በታወጀ በማግሥቱ፣ መስከረም 4 ቀን 1939፣ ፋርንቦሮ ላይ ሲያርፍ ተገልብጦ አብራሪው በዚሁ አደጋ ሞተ፤ አይሮፕላኑም ከዚያ በኋላ አልተጠገነም። እኛም በሚመጣው ክረምት የምንጀምረው ይህንኑ ኬ 5054ን ነው፤ ባለ ሁለት ቅጠል የእንጨት ፕሮፔለሩንና የመጀመሪያውን ቀለሙን ጨምረን።