ሃያ ስድስቱን መጋቢዎች ያስፈታ አድሚራል

በአምስተርዳም ወደሚገኘው ኒዩወ ኬርክ ቢገቡ፣ ድሮ ዋናው መሠዊያ በነበረበት ስፍራ በእብነ በረድ የተሠራ መታሰቢያ ይመለከታሉ። ቀራፂው ሮምባውት ፈርሁልስት በ1681 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ሲሆን፣ በዚያ ያረፈው የሆላንዱ አድሚራል ሚኪል ደ ራይተር ነው።

በ1607 ከዝቅተኛ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ መርከበኛ ሆነ። ዓለም የሚያስታውሰው በ1667 በሜድዌይ ወንዝ የእንግሊዝን መርከቦች በማቃጠሉ ነው። እኛ ግን ሌላ ሥራውን እናስታውስ።

በ1674 የሃንጋሪ ፕሮቴስታንት መጋቢዎች በፖዞኒ ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደባቸው። አገልግሎታችንን እንተዋለን ብለው አንፈርምም ካሉት መካከል ብዙዎቹ በኔፕልስ ለቀዘፋ መርከቦች ባሪያ ሆነው ተሸጡ። በሰንሰለት ታስረው ሲቀዝፉ የሞቱም ነበሩ። ደ ራይተር የሆላንድ አጋር የነበረችውን ስፔንን ለመርዳት ወደዚያ ባሕር በመጣ ጊዜ ስለ እነርሱ ማለደ፤ ፌብሯሪ 11 ቀን 1676 የቀሩት 26 መጋቢዎች ተፈቱ።

እርሱ ራሱ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር በሲሲሊ አጠገብ በጦርነት ቆስሎ ሞተ። ነገ እጠይቅላቸዋለሁ ብሎ ቢያዘገይ ኖሮ ጊዜው ባመለጠው ነበር።

ወገኔ ሆይ፣ እስረኞችን እንድናስብ ታዘናል (ዕብ. 13፥3)። እርስዎስ ዛሬ በእጅዎ ባለው ሥልጣንና ተሰሚነት ለማን ይማልዳሉ?